ሁለተኛው ሰልባትዮ በምን ይተነፍሳል?

ፒካፑ ላይ ተጨማሪ ሰልባትዮ፣ ማለትም የነዳጅ መያዣ፣ የሚያስገጥም ሰው ሁሉ ስንት ሊትር እንደሚይዝ ይጠይቃል። አየሩ በየት እንደሚገባና እንደሚወጣ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው።

ሥራው የሚጀምረው በጠመኔ ነው። በያጁ ካሶኒው ላይ ይወጣና ከጋቢናው ጀርባ ተንበርክኮ ወለሉ ላይ ረዘም ያለ አራት ማዕዘን ያሰምራል። ሜትሩን ዘርግቶ ልኩን ይጠራል፤ ረዳቱ ልጅ ከታች ቆሞ በካርቶን ቁራጭ ላይ ይጽፋል። ርዝመት 120፣ ወርድ 40፣ ቁመት 40። የመኪናው ባለቤት ስልኩን አውጥቶ ያባዛል። «192 ሊትር!» ይላል ፊቱ በርቶ። በያጁ ቀና ሳይል ይመልስለታል፤ «192 ይይዛል። አንተ የምትሞላው ግን 180 ነው። የቀረው የአየሩ ነው።»

ባለቤቱ ነገሩ አልተዋጠለትም። ለ12 ሊትር ባዶ ቦታ ላሜራ መግዛት ምን የሚሉት ኪሳራ ነው?

ይህ የሚሆነው ሐዋሳ፣ ታቦር ነው። ታቦርን ብዙ ሰው የሚያውቀው በተራራው ነው። ከሐይቁ ዳር ብድግ ያለው፣ እንግዳ የመጣ ሰው ከተማውንና ሐይቁን ባንድ ዓይን ለማየት የሚወጣው ተራራ። በስሙ የሚጠራው ክፍለ ከተማ ግን ለጎብኚ የማይታይ ሌላ መልክ አለው። ባጃጅ ተገልብጦ ሆዱ የሚታይበት፣ ባሌስትራ የሚደረደርበት፣ የብየዳ ብልጭታ ከቆርቆሮ አጥር ላይ የሚዘልበት ሰፈር ነው። ፒካፖቹ የሚመጡት እዚህ ነው። ሃይሉክስ ይበዛል፤ ባለ አንድ ጋቢና ላንድክሩዘርም አልፎ አልፎ ይታያል። አንዳንዱ ባሌስትራ ሊያስጨምር፣ አንዳንዱ ፖርቶመጋላ ሊያስበይድ ይመጣል። ሁለተኛ ሰልባትዮ የሚያሠራው ጉዳዩን ጮክ ብሎ አይናገርም፤ ባለሙያውን ወደ ጎን ሳብ አድርጎ ነው የሚነግረው።

ማደያ አለ፤ ናፍጣስ?

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ፣ ሞያሌ በሚያደርሰው አውራ ጎዳና ላይ ናት። ከእሷ ወዲያ ያለው መንገድ ረጅም ነው። ዲላ፣ ይርጋ ጨፌ፣ ቡሌ ሆራ፣ ያቤሎ፣ ሜጋ እያለ እስከ ድንበሩ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። በአለታ ወንዶ በኩል የሚገነጠለው ደግሞ ሀገረ ሰላምን ወጥቶ፣ በቦሬና በክብረ መንግሥት አድርጎ ወደ ነገሌ ቦረና ቆላ ይወርዳል። የቡና ነጋዴው፣ የከብት ነጋዴው፣ የእርዳታ ድርጅት ሹፌሩ፣ የኮንትራት ሥራ የያዘው ሁሉ ከሁለቱ አንዱን ይዞ ነው የሚጓዘው።

የሃይሉክስ የፋብሪካ ሰልባትዮ 80 ሊትር ገደማ ይይዛል። ባዶውን በአስፋልት ለሚሄድ መኪና ይህ ትንሽ አይደለም። ጭነት ሲኖር፣ ዳገት ሲበዛ፣ ከአስፋልቱ ወጥቶ ፒስታ ሲገባ ግን ለደርሶ መልስ አይበቃም። በመንገዱ ላይ ማደያ አለ። ችግሩ ማደያው ናፍጣ ይኑረው አይኑረው ሳይደርሱ አለማወቁ ነው።

«ሰልፍ ይዤ አድሬ፣ ተራዬ ሊደርስ ሦስት መኪና ሲቀረው አልቋል ተባልኩ» ይላል ወደ ጉጂ የሚመላለስ ሹፌር። «ያን ቀን ነው የወሰንኩት። ናፍጣ ሲገኝ ለሳምንት እይዛለሁ፣ ሲጠፋ ቤቴ እተኛለሁ።»

ሌላው ምርጫ ጀሪካን ነው። ጀሪካን ካሶኒ ላይ ይንከባለላል፣ ክዳኑ ይላላል፣ ጭነቱን ያበላሻል፤ ከዚህ የባሰው ደግሞ አንዳንዱ ሰው ጋቢና ውስጥ ይዞት ይጓዛል። ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ከሻንሲው ጋር የታሰረ፣ የራሱ ቱቦና መዝጊያ ያለው ሰልባትዮ የሠለጠነ መፍትሔ ነው። ሐሳቡም እንግዳ አይደለም። በእርዳታ ድርጅቶች ግቢ የምናውቀው ረጅሙ ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ከፋብሪካው ሲወጣ 90፣ 90 ሊትር የሚይዙ ሁለት ሰልባትዮዎች አሉት። በአውስትራሊያም በረሃ ለሚያቋርጡ ፒካፖች የረጅም ርቀት ሰልባትዮ እየሠሩ የሚሸጡ ፋብሪካዎች አሉ። ልዩነቱ እነሱ መተንፈሻውን ከሣጥኑ ጋር አብረው መንደፋቸው ነው። ታቦር ላይ ሣጥኑ ይሠራል፤ መተንፈሻው በመጨረሻ፣ ገንዘቡም ትዕግሥቱም ሲያልቅ ይታሰባል።

ጠረኑ ያስቸገረው ሰው

ናፍጣ ከሰልባትዮ በወጣ ቁጥር ቦታውን አየር መተካት አለበት። የዘይት ቆርቆሮ ከፍቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፤ አንድ ቦታ ብቻ የተበሳ ቆርቆሮ ጉርግ ጉርግ እያለ ያንገራግራል፣ በሌላው ጠርዝ ሁለተኛ ቀዳዳ ሲበሳለት ግን ያለ ማቋረጥ ይፈሳል። ሰልባትዮም በዚሁ ሕግ ነው የሚሠራው። ነገር ግን ቆርቆሮው ማዕድ ቤት ይቀመጣል፤ ሰልባትዮው ከደጋ ወደ ቆላ፣ ከቆላ ወደ ደጋ ይመላለሳል።

ሰፈሩ ውስጥ የቆዩ አንድ መካኒክ በዚህ ጉዳይ የሚደጋግሙት ታሪክ አላቸው። አንድ ደንበኛ መጣ። መኪናዋ ሜዳ ላይ ደህና ናት፣ ሁለተኛውን ሰልባትዮ ከፍቶ ዳገት ሲይዝ ግን ትታፈናለች። ጥግ ይዞ ሲያቆማት፣ ትንሽ ቆይታ ራሷ ትነሳለች። ፊልትሮ ቀየረ። ሌላ ፊልትሮ ቀየረ። ፖምፓው ነው ተብሎ ፖምፓ ተፈታ፤ ፖምፓው ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። «እኔ ጋ ሲመጣ ምንም አልፈታሁም» ይላሉ መካኒኩ። «ሞተሩ እየሠራ የሰልባትዮውን ክዳን ከፈትኩት። ፍሽሽሽ ብሎ አየር ሳበ። መኪናዋ ወዲያው ተስተካከለች። መተንፈሻውስ የት አለ? አልኩት። ጠረኑ ጋቢና እየገባ ስላስቸገረኝ በፕላስቲክ ደፈንኩት አለኝ።»

ሰውየው ላይ መሳቅ ይቀላል። ግን ደፋኙ እሱ ብቻ አይደለም፤ መጀመሪያውኑ መተንፈሻውን ከጋቢናው መስኮት ሥር አምጥቶ የለቀቀው ባለሙያ የጥፋቱ ግማሽ የእሱ ነው። ጠረን የሚያመጣ መተንፈሻ ውሎ አድሮ መደፈኑ አይቀርም።

የተደፈነ ሰልባትዮ መኪና ከማቆም ያለፈ ጉዳትም አለው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሀገረ ሰላም ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፤ ሞያሌ ደግሞ ወደ 1,100 ሜትር ይወርዳል። ከፍታው በተለዋወጠ ቁጥር የአየሩ ግፊት አብሮ ይለዋወጣል። ያ 120 በ40 የሆነ ሣጥን ሀገረ ሰላም ላይ ጥርቅም ብሎ ተከድኖ ሞያሌ ቢወርድ፣ የግፊቱ ልዩነት በላይኛው ገጽ ላይ ብቻ ወደ 8 ኩንታል የሚጠጋ ክብደት እንደመጫን ይሆንበታል። ናፍጣው እየተሳበ ባዶው ሲሰፋ ደግሞ ጫናው ይጨምራል። ቀጭን ላሜራ ይህን አይችልም፤ ሆዱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ የብየዳው መስመር ይሰነጠቃል። በተቃራኒው ሞያሌ ተከድኖ ዳገቱን ቢወጣ ያብጣል። ብየዳው የሚፈተነው ያን ጊዜ ነው፤ የሚያንጠባጥበውም ያኔ ነው።

«ሰልባትዮ ሲፈነዳ ነው ሰው የሚፈራው። እኔ ብዙ ያየሁት ተጨምቆ ሲመጣ ነው» ይላሉ መካኒኩ።

ሙቀቱም የራሱ ሒሳብ አለው። ፈሳሽ ሲሞቅ ይሰፋል። በደጋ ብርድ በጠዋት ጢም ብሎ የተሞላ 100 ሊትር ናፍጣ፣ ቦረና ወርዶ በ25 ዲግሪ ቢሞቅ 2 ሊትር ገደማ ይጨምራል። ያ 2 ሊትር መሄጃ ይፈልጋል። ባዶ ቦታ ከሌለው በመተንፈሻው በኩል ይወጣል፤ መተንፈሻ ከሌለው መውጫውን ራሱ ይፈልጋል። በአሜሪካ ለጭነት መኪናዎች የወጣው ደንብ ሰልባትዮ ከመያዣ አቅሙ ከ95 በመቶ በላይ እንዳይሞላ የሚያዘው ለዚህ ነው። የታቦሩ በያጅ ደንቡን አላነበበውም። ግን 192 ሲባል 180 ያለው ከዚሁ ሒሳብ ተነስቶ ነው።

ማደያ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ አየር መግባት ሳይሆን መውጣት ነው ያለበት፤ ያውም በፍጥነት። የማደያው ማሽን በአንድ ደቂቃ ውስጥ በርካታ ሊትር ያወርዳል፤ በወረደው ልክ አየር ካልወጣ ናፍጣው በመጣበት አንገት ተመልሶ ይተፋል። ቀጂዎች ይህን ሥራ በልብሳቸው ነው የተማሩት። «የፋብሪካውን ስሞላ እያወራሁ ነው» ትላለች አንዷ። «የተበየደውን ስሞላ ዓይኔን አልነቅልም። ፊቴ ላይ ተፍቶብኝ ያውቃል።» ስለዚህ ጥሩ ሥራ የሚባለው ለመተንፈስና ለመሞላት ሁለት የተለያዩ መንገዶች ያሉት ነው፤ ቀጭኑ ቱቦ ለጉዞ፣ ወፈር ያለው ደግሞ ከሰልባትዮው ራስ ተነስቶ ወደ መሙያው አንገት የሚመለስ።

ቱቦው የት ይደርሳል?

መተንፈሻ ማለት ቀዳዳ ማለት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሥራው በአንድ ብስ ባለቀ ነበር። ክዳኑ ላይ በምስማር የበሱ አሉ። ውጤቱ መንገዱ ኮረኮንች ሲሆን ይታያል፤ ናፍጣው ከውስጥ እየተመታ በቀዳዳው ይረጫል፣ ካሶኒው ይረጥባል፣ አቧራው እላዩ ላይ ይለጠፋል። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ በዚያው ቀዳዳ ውሃ ይገባል። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ታች ይተኛል፤ መሳቢያው ቱቦ ያለውም ታች ነው።

ደህናው ባለሙያ ቱቦውን የሚያነሳው ከሰልባትዮው የመጨረሻ ከፍተኛ ነጥብ ነው። ከዚያ ወደ ላይ ይወስደዋል፤ ከጋቢናው ጀርባ በካሶኒው ጠርዝ ሥር አስሮ ከሰልባትዮው ራስ በላይ ያሳልፈዋል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ አጥፎ ወደ ታች ይመልሰዋል። መጀመሪያ ወደ ላይ ሳይወጣ በቀጥታ ወደ ታች የተለቀቀ ቱቦ ዳገት ላይ ወይም ጎርበጥባጣ ላይ አንዴ ናፍጣ ከሞላው መቅዳት ይጀምራል። መኪናው ቆሞ ሰው ምሳ ሲበላ ሰልባትዮው በጸጥታ መሬት ላይ ይንጠባጠባል።

የቱቦው ጫፍ ከማርሚታው መራቅ አለበት። ከጋቢናው መስኮትም እንደዚሁ። ጎማ ከሚረጨው ጭቃ፣ ወንዝ ሲሻገሩ ከሚደርሰው ውሃ በላይ መሆንም አለበት። አፉ ወደ መሬት ይዞራል፤ ትንሽ የሽቦ ወንፊት ወይም የአየር ማጥሪያ ይደረግበታል። ማጥሪያው ለአቧራ ብቻ አይደለም። የጭቃ ተርብ ጠባብ ቀዳዳ ስትወድ ጉድ ነው፤ ለጥቂት ሳምንት የቆመ መኪና መተንፈሻ ውስጥ ገብታ በጭቃ ትመርገዋለች። መካኒኩ እንዲህ ያለ ቱቦ በሽቦ ሲጎረጉሩ ደረቁ ጭቃ ከነእጩ መዳፋቸው ላይ ወደቀ። ባለ መኪናው ግን ጥፋቱን ያሳበበው በናፍጣው ጥራት ላይ ነበር።

ቱቦውም ቢሆን የናፍጣ ቱቦ መሆን አለበት። የአትክልት ማጠጫ ፕላስቲክ ርካሽ ነው፤ ፀሐይና ናፍጣ ሲረባረቡበት ግን ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ ወይም ይለሰልስና በታጠፈበት ይዘጋል። በፋሸታ ጥብቅ ብሎ ታስሮ ውስጡ የተዘጋ ቱቦ ደግሞ ከውጭ ሲያዩት ጤነኛ ነው።

መመለሻውን የረሳ

የናፍጣ ሞተር የሳበውን ሁሉ አያቃጥልም። ከፊሉ ፖምፓውንና ኢንጀክተሮቹን አቀዝቅዞና አለስልሶ በመመለሻ ቱቦ ወደ ሰልባትዮ ይመለሳል። አዲስ ገጣሚ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ መሳቢያውን ወደ ሁለተኛው ያዞርና መመለሻውን በፊተኛው ላይ ይተወዋል። ሁለተኛው በእጥፍ ፍጥነት የሚያልቅ ይመስላል። የፊተኛው ደግሞ ሞልቶ ይፈስሳል። ለዚህ መሳቢያውንም መመለሻውንም ባንድ ጊዜ የሚያዞር ቫልቭ አለ፤ ካልተገኘ ቀላሉና በታቦር የሚወደደው መንገድ ሞተሩን ምንም ሳይነኩ ሁለተኛው ወደ ፊተኛው ብቻ እንዲቀዳ ማድረግ ነው።

እሱም ወጥመድ አለው። ካሶኒ ላይ ያለው ሣጥን ከሥር ካለው የፋብሪካ ሰልባትዮ ከፍ ይላል። መሐል ላይ መዝጊያ ከሌለ፣ ወይም ሹፌሩ ከፍቶት ከረሳው፣ የላይኛው ናፍጣ ታችኛውን ሞልቶ በታችኛው መተንፈሻ ይወጣል። ጥንቁቅ ሹፌር የፊተኛው ጌጅ ከግማሽ በታች ሲወርድ ብቻ ይከፍታል፣ ሳያንቀላፋም ይዘጋል። ከዚህ የተሻለው በጋቢና ውስጥ ማብሪያ ያለው ትንሽ የኤሌክትሪክ ፖምፓ ነው፤ መኪናው ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

የሚያንጸባርቀው ላሜራ

ደንበኛ የሚመርጠው ላሜራ የሚያንጸባርቀውን፣ አይዝግም የተባለውን በዚንክ የተለበጠ ነው። ለውሃ ጥሩ ነው። ለናፍጣ ግን መጥፎ ምርጫ ነው፤ ናፍጣው ውስጥ ያሉ አሲዶች ከዚንኩ ጋር እየተዋሐዱ ሳሙና መሰል ዝቃጭ ይፈጥራሉ፣ እሱም ፊልትሮውን አልፎ ኢንጀክተር ላይ ይጋገራል። የመዳብ ቧንቧም አይመከርም፤ ናፍጣውን ቶሎ ያስረጀዋል። ያልተለበጠው ጥቁር ላሜራ፣ በ2 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ ውስጡ ተጠርጎ ተጸድቶ፣ ሁልጊዜም ሞላ ብሎ ሲያዝ ብዙ ዓመት ያገለግላል። በአሁኖቹ ሃይሉክሶች ኢንጀክተሩ ናፍጣውን የሚረጨው ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው፤ ከብየዳ የቀረች አንዲት ፍንጣሪ ብረት ኢንጀክተር ለማበላሸት ትበቃለች።

ውስጡ ደግሞ ባዶ ሣጥን መሆን የለበትም። 180 ሊትር ናፍጣ 150 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ግማሹ ካለቀ በኋላ ፍሬን ሲያዝ ያ ሁሉ ወደ ፊት ይነጉዳል። ስለዚህ ማዕዘናቸው የተቆረጠ ሁለት ላሜራዎች በመሐሉ ተከልለው ይበየዳሉ። ይህን ክፍልፋይ ለመዝለል የሚጣደፍ ብዙ ነው፤ ምክንያቱም ሣጥኑ አንዴ ከተከደነ ማንም አያየውም።

አሮጌ በርሜል ወይም ያገለገለ ሰልባትዮ ቆርጦ መበየድ ሌላው አደጋ ነው። ናፍጣ እንደ ቤንዚን በቀላሉ አይቀጣጠልም ስለሚባል ሰው ይደፋፈራል። እውነት ነው፣ በተለመደው የአየር ሙቀት ተን ሆኖ ለመቀጣጠል አይቸኩልም፤ የብየዳ እሳት ሲነካው ግን ከግድግዳው ላይ የቀረችው ቅሪት ትተንና ከአየሩ ጋር ትቀላቀላለች። ባዶ የሚመስለው በርሜል ከሙሉው ይበልጥ የሚያስፈራው ለዚህ ነው። የሠራሁባቸውን ዓመታት ሁሉ እጄ ከነጣቶቹ ያለው ያገለገለ በርሜል ስለማልበይድ ነው የሚሉ አንድ ባለሙያ፣ ደንበኛ ሲለምናቸው ወደ ጎረቤት ይልኩታል። ጎረቤቱም እንዳይበይደው ቢነግሩት ይሻል ነበር።

ድንበሩና መንገዱ

እስካሁን ያወራነው ስለ ብረትና ስለ አየር ነው። የሰልባትዮውን ሥራ በሹክሹክታ ያስደረገው ግን ሌላ ነገር ነው።

ኢትዮጵያ ነዳጇን ሁሉ ከውጭ ታስገባለች። ዋጋው ለረጅም ዓመታት በመንግሥት ድጎማ ከጎረቤት አገሮች ዝቅ ብሎ ቆይቷል፤ ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ድጎማው ለተመረጡ ተሽከርካሪዎች ብቻ እየሆነ፣ ዋጋውም ደረጃ በደረጃ እየጨመረ መጣ። በ2015 የማደያ ክፍያ በዲጂታል መንገድ እንዲሆን ተደረገ። የዋጋው ልዩነት ባለበት ድንበር ሁሉ ናፍጣ ወደ ውጭ መፍሰሱ አይቀርም፤ ትልልቅ ሰልባትዮ ያስበየዱ መኪኖችም የዚህ ንግድ አንዱ መሣሪያ ናቸው። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የነዳጅ ውጤቶች የግብይት ሥርዓት አዋጅ ነዳጅን ከማደያ ውጪ መሸጥንም ማከማቸትንም በገንዘብና በእስር ይቀጣል።

«ሁለተኛ ሰልባትዮ ሳይ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ድንበሩ ነው» ይላል በኬላ የሠራ ተቆጣጣሪ። ሹፌሩ ደግሞ በዚህ ይናደዳል። «ኮንትሮባንድ ብሠራ በ180 ሊትር ምን አተርፋለሁ? እነሱ እኮ በቦቴ ነው የሚሄዱት። እኔ ነገሌ ደርሼ መመለስ ነው የምፈልገው።»

ሁለቱም እውነት አላቸው። ለእኔ ግን የከፋው የክርክሩ ውጤት ነው። መቀጣት የፈራ ሰው ሰልባትዮውን ይደብቃል። ከካሶኒው ወለል ሥር ሁለተኛ ወለል ያስበይዳል፣ ከመቀመጫ ጀርባ ያስገባል፣ በጭነት ይሸፍነዋል። የተደበቀ ሰልባትዮ መተንፈሻው አብሮ ይደበቃል። ወደ ላይ የሚወጣ ቱቦ ስለሚያሳብቅ ያሳጥሩታል። ጠረኑም ስለሚያሳብቅ ይደፍኑታል። ለመሸሸግ የተደረገው እያንዳንዱ ነገር ከላይ ከዘረዘርነው ጥንቃቄ አንዱን ያፈርሳል። ድንበር አልፎ የማያውቀው የቡና ነጋዴም ከኮንትሮባንዲስቱ ጋር በአንድ ዓይን ስለሚታይ፣ በኮንትሮባንዲስቱ ዘዴ ያሠራል።



መኪና በየዓመቱ መመርመር እንዳለበት በ2002 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ደንግጓል። ምርመራው ፍሬን፣ መብራት፣ ጎማ፣ ጭስ ያያል። የሐዋሳ ጋራዥ ባለቤቶች የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ የሁለተኛው ሰልባትዮ መጠን ተወስኖ፣ ልኩ ሊብሬው ላይ ተጽፎ፣ መተንፈሻውና መታሰሪያው ታይቶ ቢፈቀድ በግልጽ እንሠራዋለን። አንዱ እንዲያውም «እኔ ስሜን እበይድበታለሁ» ብሏል። ተቆጣጣሪው አይስማማም። ዛሬ 100 ሊትር ከተፈቀደ ነገ 400 ይዞ የሚመጣ አለ ባይ ነው። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ግን 400 የሚያስበይደው ሰውዬ አሁንም ፈቃድ እየጠየቀ አይደለም።

ከሻንሲው ውጪ

ሰልባትዮ የት እንደሚቀመጥ ያለው ክርክር በእኛ አገር አልተጀመረም። ጄኔራል ሞተርስ ከ1973 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. የሠራቸው ትልልቅ ፒካፖች ሰልባትዮአቸው ከሻንሲው ብረት ውጪ፣ በጎን በኩል ነበር። ተጨማሪ ነዳጅ ለመያዝ ይመቻል። መኪናው ከጎን ሲመታ ግን በሰልባትዮውና በገጪው መሐል ከቆርቆሮ በቀር የሚከላከል አልነበረም። የእሳት አደጋዎች ለዓመታት አከራከሩ፤ በ1994 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የአሜሪካ መንግሥትና ኩባንያው መኪኖቹ ሳይጠሩ፣ ኩባንያው ለደኅንነት ሥራዎች ገንዘብ እንዲያወጣ ተስማሙ።

ታቦር ላይ ይህን የሚያውቅ ባይኖርም ምርጫው በየቀኑ ይደረጋል። ከኋላ ፓራውልቱ ጋር የተጠጋ ሣጥን ለመሙላት ይመቻል፣ ከኋላ ለሚመጣ አይሱዙም ይመቻል። ከጋቢናው ጀርባ፣ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መሐል ያለው ቦታ ለጭነት የሚፈለግ ስለሆነ ባለቤቱ ይሳሳለታል፤ ለሰልባትዮ የሚመረጠው ግን እሱ ነው። ማሰሪያውም በካሶኒው ቀጭን ወለል ላይ ሳይሆን በብሎንና በዳዶ ወለሉን አልፎ ከሻንሲው ጋር መያያዝ አለበት፤ በመሐላቸው ጎማ ይነጠፋል፣ አለበለዚያ ንዝረቱ ላሜራውን በልቶ ይጨርሰዋል።

ከመሞላቱ በፊት ይፈተናል። ቀዳዳው ሁሉ ተዘግቶ ከኮምፕሬሰር ጥቂት አየር ይለቀቅበታል፤ ጥቂት ብቻ፣ ብዙ ከሆነ ራሱ ያሳብጠዋል። ከዚያ ልጁ በኦሞ አረፋ የብየዳውን መስመር ይቀባል። አረፋ በሚተነፍስበት ቦታ ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረግና እንደገና ይበየዳል።

የሚቀረው መኪናው ቢገለበጥ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 34 የተገለበጠ መኪና ሰልባትዮ በደቂቃ ከ30 ግራም በላይ እንዳያፈስስ ይጠይቃል። ይህን የሚያደርገው መተንፈሻው ሥር የሚገባ ጣት የሚያህል ቫልቭ ነው፤ ውስጡ ያለች ኳስ መኪናው ሲገለበጥ ወርዳ መውጫውን ትዘጋለች። ከሥራው ሁሉ ትንሿ ዕቃ ይህች ቫልቭ ናት። መካኒኩ እንደሚሉት ግን ሱቅ ሄዶ ማግኘት ከባድ ስለሆነ ከተገጩና ከተገለበጡ መኪኖች ላይ እየፈቱ ነው የሚያመጡት።

«ጋሼ፣ ይቺ ደህና ናት?» ይላል ልጁ አንዷን አንስቶ። መልስ አይጠብቅም። አቁሞ በአፉ ይነፋባታል፤ ታልፋለች። ገልብጦ ይነፋባታል፤ እምቢ ትላለች። ሌላኛዋ ተገልብጣም አየር ታሳልፋለች፤ እሷን ወደ ቁርጥራጭ ብረቱ ይወረውራታል። ባለ መኪናው ዋጋዋን ይጠይቃል፣ ትንሽ ይከራከራል፣ «ያለ እሷስ አይሆንም?» ይላል። መካኒኩ ቫልቩን ራሳቸው ቱቦው ውስጥ አስገብተው ፋሸታውን እያጠበቁ «ይሆናል፤ እኔ ጋ ግን አይሆንም» ይሉታል።